በልጄ ቅንድቦች መካከል

ልጄ ሳትቆጣ የተቆጣች ትመስላለች። በሁለት ቅንድቦቿ መካከል፣ ከአፍንጫዋ መነሻ ወደ ግንባሯ የወጡ ሁለት መስመሮች አሉ። የስንዴ ፍሬ ቢያስቀምጡባቸው ሳይወድቅ የሚቆይ ይመስለኛል። ስትስቅ እንኳ አይጠፉም፤ ስትስቅማ ጭራሽ ይብሳሉ፣ እየሳቀች የምትሳደብ ትመስላለች።

እነዚያን መስመሮች ያወጣሁባት እኔ ነኝ። ምላጩን የያዘችው ሌላ ሴት ናት፤ ግን ልጄን አዝዬ እሷ ደጅ ድረስ የወሰድኳት፣ ያችን ትንሽ ጭንቅላት በጉልበቶቼ መካከል ያጣበቅኳት እኔ ነኝ።

ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። የምንኖረው ከፍኖተ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ካለ ገጠር ነው። አንድ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ፣ ሽፋሽፍቷ በዓይናር ተጣብቆ ተነሳች። በማግስቱ ሁለተኛው ዓይኗም ተከተለ። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ግን ትታወርብኛለች ብዬ ፈራሁ። በእኛ አገር የልጅ ዓይን ሲታመም ቅንድቡ ይበጣል፤ መጥፎው ደም በዚያ ይወጣል ይባላል። የእኔም ተበጥቷል፣ የእህቶቼም ተበጥቷል፤ በእኛ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ምልክት ነው፣ ካልተጠጉን አይታይም። አማቴ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ቆይ እስቲ አንቺ ሴት፣ በውሃ እያጠብሽ ጥቂት ቀን እያት» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ሌሎች ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወሩ አማቴ ናት ያስገደደችኝ፣ ጎረቤት ነው ይላሉ። እኔን ማንም አላስገደደኝም። ያስገደደኝ ፍርሃቴ ነው።

በጪዋ ምላጩን ስታስጠጋ ልጅቱ ጮኸች። አሳዘነችኝና ጉልበቴን ላላ አደረግሁ። በዚያች ቅጽበት ተወራጨች፣ ምላጩም ከታሰበው በላይ ዘልቆ ገባ። ሁለተኛውን «ተይው፣ ይብቃ» ማለት ስችል «ቶሎ ጨርሽው» አልኩ። ደሙ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወርዶ አፏ ውስጥ ገባ። ቅቤ ቀባንበት። በሳምንቱ ዓይኗ ጠራ፤ እኔም «ይኸው፣ ባልበጣት ኖሮ» እያልኩ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። መስመሮቹ ከልጅቱ ጋር አደጉ።

ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ «መጣች ገላማጯ» ይሏት ጀመር። አንድ አስተማሪ «ምን ታፈጪብኛለሽ?» ብሎ ከክፍል አስወጣት። እያለቀሰች ቤት መጥታ «ምንም አላፈጠጥኩም፣ ጥቁር ሰሌዳውን ነው ያየሁት» አለችኝ። እኔ ራሴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ አስተማሪ ፊት ቆሜ መናገር አልችልበትም። «ነገ አቀርቅረሽ ተቀመጪ» አልኳት። እንደዚያው አቀርቅራ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች።

አባቷ ከሞተ በኋላ ፍኖተ ሰላም ከተማ ገባን። እኔ ዛላ በርበሬ ከገበሬ እየገዛሁ፣ ጭራውን እየቀነጠስኩ፣ እያሰጣሁ እሸጣለሁ። እሷ የሆቴል ሥራ ተማረችና ቡሬ ውስጥ አንድ ሆቴል ቀጠራት። እንግዳ ተቀባይ ሆነች፤ ስም የምትመዘግብ፣ ቁልፍ የምትሰጥ። ቅጥሩ ግን ለሙከራ ነው፤ ፋሲካ ሲያልፍ ወይ ያጸኗታል ወይ ያነሷታል።

ገና በሁለተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ ጠራት። ይህን ስትነግረኝ የእሱን ድምፅ እያወጣች ነው።

«እንግዳ ሲመጣ ፊትሽን ፍቺው እንጂ!»

«ፈትቼዋለሁ ጌታዬ።»

«ይኼ ነው የተፈታው? ታዲያ ስታስሪው ምን ልትሆኚ ነው?»

አንድ ነጋዴ ደግሞ ቁልፉን ከእጇ ሲቀበል «ይቅርታ እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ እንዴ?» አላት። ሌላው የአስተያየት መዝገብ ላይ «ልጅቷ ታባርራለች» ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ፋሲካ ካልተሻሻልሽ የልብስ እጥበት ክፍል ትሄጃለሽ አላት። እጥበት ክፍሉ ከሆቴሉ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይገባበት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ሰው አንሶላ ማሸት ነው።

አንድ እሑድ ፍኖተ ሰላም መጣች። ቁና ሙሉ በርበሬ ፊቴ አስቀምጬ ስቀነጥስ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እማየ፣ የፊት መርፌ አለ አሉ።»

«የምን የፊት መርፌ?»

«መስመር የሚያጠፋ። ቅንድቤ መካከል የሚወጋ።»

እጄ ቆመ። «ዓይንሽ አጠገብ? አብደሻል እንዴ? መርፌ ዓይንሽ አጠገብ?»

«ምላጩስ የት አጠገብ ነበር?» አለች።

ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እኔም ረስታዋለች ብዬ፣ ሕፃን ነበረች አታስታውስም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ዓይኔን ልጠርግ ስል እጄ በርበሬ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እንባዬን ሳልጠርግ ተቀመጥኩ። እሷም አላባበለችኝም።

በሳምንቱ ቡሬ ሄድኩ። መጀመሪያ የወሰደችኝ አንድ የውበት ሳሎን ነው። ባለቤቲቱ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። ከንፈሯ ንብ እንደነደፈው ተነፍቷል፤ ስታወራ የላይኛው ከታችኛው ጋር በቅጡ አይገጥምም። ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጣ ግንባሯን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችና «ይኼማ ምን አላት! በአንድ መርፌ እሞላዋለሁ፣ እንደ ሰሌዳ ነው የሚሆነው» አለች።

«በምን ነው የምትሞዪው?» አልኳት።

«በፊለር ነዋ እትየ። ለእርስዎም ጉንጭዎን ከፍ ላድርግልዎት? ሠላሳ ዓመት ነው የምቀንስልዎ።»

«ሠላሳ ዓመት ከቀነስሽልኝማ ገና ልጅቱን አልወለድኳትም» አልኩ። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም።

«ይኼ የእኔ አንዴ ከገባ ገባ ነው» አለች ባለቤቲቱ። «ሌሎቹ ጋ በየዓመቱ ማስደገም አለ። የእኔ አይወጣም፣ አይሟሟም። ዕድሜ ልክ ነው።»

«ካልወደድነውስ?»

«እንዴት አትወዱትም?»

ሣጥኑን አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ፤ ከላዩ የተለጠፈው ወረቀት ተልጧል። እኔ በርበሬ ስገዛ ጆንያውን ከላይ አይቼ አላውቅም። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር አወጣለሁ፤ ገበሬው ደረቁን ከላይ፣ የራሰውን ከታች ሊያደርግብኝ ይችላል። የዚያችን ሣጥን ሥር ግን ማየት አልቻልኩም። «ተነሺ» አልኳት ልጄን። ተነሳች፤ ደጅ ስንወጣ ግን «ደግሞ ፈራሽ። የምትፈሪው ሁሉ የሚደርሰው እኔ ላይ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ እፈራለሁ፣ የሚቆረጠው የእሷ ነው።

በግጭቱ ምክንያት ተዘግቶ የነበረው መንገድ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ባሕር ዳር ሄድን፤ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ቀጠሮ አስይዛ ነበር። የጾም ወቅት ነው፣ ሁዳዴ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች፤ «እናቴ» እያለች ነው የምታናግረኝ። የልጄን ግንባር በመብራት አየች፣ «ተቆጪ እስቲ፣ አሁን ልቀቂው» እያለች አስጨማደደቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ በሕፃንነቷ የተበጣ ነው አይደል? ለምን ነበር?»

«ዓይኗ ታሞ፣ ዶክተር። ቀልቶ፣ ጠዋት ጠዋት እየተጣበቀ።»

«ትኩሳት ነበራት?»

«የለም።»

«በንጹሕ ውሃ እየታጠበ ቢሆን በሳምንት በአሥር ቀን ራሱ ይለቅ ነበር» አለችና ካርዱ ላይ መጻፍ ቀጠለች። ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም፤ እንዲያው የምታውቀውን ተናገረች። እኔ ግን አማቴ በር ላይ ቆመው የሰሙ መሰለኝ። ልጄን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ግንባር ሣለች። ሁለት ዓይነት መርፌ አለ አለች። አንደኛው ቦቶክስ የሚሉት ነው፤ ግንባርን የሚያኮማትረውን ጡንቻ ያላላዋል። ጡንቻው ሲላላ ቆዳው አይታጠፍም፣ መስመሩም ጎልቶ አይታይም። ግን ጠባሳውን ራሱን አያጠፋውም፣ ደግሞም ሦስት አራት ወር ቆይቶ ያልቃል። ሁለተኛው ፊለር ነው፤ እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ ከጠባሳው ሥር ገብቶ የጎደጎደውን ቆዳ ያነሳዋል። ዓመት ያህል ይቆያል፣ ካልተወደደ በሌላ መርፌ ይሟሟል። ለእሷ ዓይነት ጠባሳ ይኼኛው የተሻለ ያስተካክላል አለች።

«ታዲያ እሱ ነዋ!» አለች ልጄ።

«ቆይ፣ ልጨርስልሽ። ቅንድብ መካከል ያለው ቦታ አስቸጋሪ ነው። ፈሳሹ በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳውን ሊጎዳ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። እጠነቀቃለሁ፤ ግን ሳልነግርሽ አልሠራም።»

ዓይን ስትል ጆሮዬ ተደፈነ። ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁም።

ልጄ ወረቀቱን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ምረጪ።»

«እኔ ምን አውቄ ነው የምመርጠው?»

«ያኔስ ምን አውቀሽ ነበር?» አለች፣ በሐኪሟ ፊት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ምርጫው የአንቺ ነው እህቴ። የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፤ እናትሽ አይደሉም።»

«እፈርማለሁ። ግን እሷ ትምረጥ። እኔ መርጬ አንድ ነገር ብሆን ዕድሜ ልኳን ‹እኔ አላልኩሽም› ትለኛለች። እሷ ስትመርጥ ቢያንስ ዝም ትላለች።»

ምን ልበል? ያለቀስኩ እንደሆነ አስለቀሰቻት ይባላል። የተቆጣሁ እንደሆነ ምን አፍ አለሽ ትለኛለች። ወረቀቱን አየሁት፤ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ቅንድብ፣ በመካከሉ ነጥብ ነጥብ። ፊለሩ ልጄ የምትፈልገውን ያደርጋል፣ ግን ዓይን አለበት። ያኛው ልጄ የምትፈልገውን ግማሹን ብቻ ያደርጋል፣ ግን ያልፋል። የሚያልፈውን መረጥኩ። የእኔ ጥፋት ቢሆን እንኳ በአራት ወር ያልቃል ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሚያልቅ ጥፋት ሠርቼ ስለማላውቅ፣ ያ ትልቅ ነገር መሰለኝ።

«ቦቶክሱ ይሁን» አልኩ።

ልጄ ፈረመች።

ሲወጓት ውጪ ሁኚ ብትለኝም አልወጣሁም። ግድግዳውን ተደግፌ መርፌው ሲገባ አየሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስከ አምስት። በልቤ ለእመቤቴ ተሳልኩ፤ በሰላም ከተነሳች ከደጅሽ ሳልሰግድ አላልፍም፣ እሷንም አሰግዳታለሁ አልኩ። ተነሳች። ከጤፍ የማትበልጥ የደም ነጠብጣብ ነች ያለቻት፤ ያቺንም ሐኪሟ በጥጥ ነካ አድርጋ አደረቀቻት።

«አሁን ስድስት ሰዓት ነው። እስከ አሥር ሰዓት እንዳትተኚ፣ ጎንበስ እንዳትዪ፣ ቦታውን እንዳትነኪው፣ እንዳታሺው» አለቻት። ወደ እኔም ዞራ ደገመችው። «እናቴ፣ ሰሙኝ? እንዳይነካ።»

«ሰምቻለሁ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሰምቼም ነበር።

ከክሊኒኩ ትንሽ ራመድ ብሎ የእመቤቴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ገና አላበቃም፤ ድምፁ መንገድ ላይ ድረስ ይሰማል። ልጄ ቀጥ ብላ ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ነው። ነጠላዋን ያዝኩ።

«ስለት አለብኝ፣ ልጄ። ሰግደን እንሂድ።»

«ዶክተሯ ጎንበስ እንዳትዪ አለችኝ እኮ፣ እማየ።»

«እሷ ያለችው ልብስ ማጠብ፣ ውሃ መሸከም ነው። እግዚአብሔር ፊት መውደቅ ጎንበስ ማለት ነው እንዴ?»

«ደሞ ደምቻለሁ። ደም ይዤ አልገባም።»

«አንገባም። ከቅጽሩ ውጪ፣ በሩ ላይ እንሰግዳለን።»

ማንም ሰው ይህን ሲያነብ ሴትዮዋ ምን ያህል ደንቆሮ ናት ይላል። እኔ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ለእኔ ጎንበስ ማለት ሥራ ነው፤ ማረም፣ ማጠብ፣ በርበሬ ማስጣት። ስግደት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ወገብ እንደሚያጎነብሱ አላሰብኩም። ሐኪሟም ስግደት አላለችም። ብትል ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ የዚያን ቀን እንኳ እፈራት ነበር።

ልጄ ሰገደች። ደክሟታል፣ ከፍቷታል፣ እኔን ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም። አርባ አንድ ስግደት፣ ግንባሯ ድንጋዩን እስኪነካ። እኔ ከጎኗ ነኝ፤ «ሃያ ሁለት፣ በርቺ፣ ሃያ ሦስት» እያልኩ። ስትጨርስ አንዲት መነኩሲት ከወረቀት ቋጠሮ እምነት ሰጡን። ያንን የተባረከ አመድ በጸበል አርሼ፣ በአውራ ጣቴ፣ ልክ መርፌው የገባበት ላይ፣ ከቅንድቧ ወደ ታች አሸሁት። ጥሩ አድርጌ ነው ያሸሁት። እንዲገባ።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«እማየ፣ መስመሮቹ እየለቀቁ ነው!» ስትስቅ ሰማኋት። በርበሬውን ትቼ እልል አልኩ፤ ጎረቤቶቼ የሰርግ ወሬ መስሏቸው መጡ። በሰባተኛው ቀን ግን ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«የግራ ዓይኔ አልከፈት አለኝ።»

መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ቡሬ እስክደርስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የተከራየችው ክፍል ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ዞረች። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ የብሌኑን ግማሽ ከድኖታል። ለመክፈት ስትታገል ቅንድቧ ብቻ ይነሳል። ዓይኗን አድናለሁ ብዬ የመረጥኩት መርፌ ዓይኗን ዘጋው።

ወደ ባሕር ዳር መሄጃ ስለሌለ ሐኪሟ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አደረገችው፣ እኔም እንድሰማ።

«ከመርፌው በኋላ ተኝተሽ ነበር? አሽተሽዋል? ጎንበስ ብለሻል?»

ልጄ በአንድ ዓይኗ እኔን አየችኝ። ስልኩን ተቀበልኳት።

«ዶክተር፣ እናቷ ነኝ። አሰግጃታለሁ።»

«ስንት?»

«አርባ አንድ። እምነትም አሽቼላታለሁ። በጣቴ።»

«እሺ እናቴ» አለች። «ከዚያ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። አንዳንዴ ማንም ሳይነካውም ይወርዳል። መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አለሁበት። ያልፋል፤ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል። ለጊዜው የሚያነቃው ጠብታ አለ፣ መድኃኒት ቤት ከተገኘ። ሌላ ምንም እንዳታደርጉበት። እባክዎ አይንኩት።»

ጠብታው ቡሬም ፍኖተ ሰላምም የለም። ያኔ መጠበቅ ሲገባኝ አልጠበቅሁም፤ አሁን ደግሞ ጠብቂ ተባልኩ። ቁጭ ብሎ ማየት ለእኔ ከመታመም ይብሳል። በሞቀ ጨርቅ ልያዝልሽ አልኳት። ጸበል ልውሰድሽ አልኩ። ቅቤ ብቻ፣ በስሱ፣ አልኩ።

«እማየ፣ እጅሽን አርቂልኝ!»

ጮኸችብኝ። የአከራይዋ በር ተከፈተና ተዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ አጠገቧ ስቀመጥ እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አስገብቼ ነው የምቀመጠው፤ ካልተቀመጥኩባቸው ራሳቸው ይሄዳሉ።

ሆቴሉ ውስጥ አንድ ሾፌር «እህቴ፣ እየጠቀሽኝ ነው?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀባት። ከዚያም የሚመጣው ሁሉ ይህንኑ ይደግመዋል። ሥራ አስኪያጁ ፋሲካን አልጠበቀም። «ፊትሽን ፍቺ ብልሽ ጭራሽ ዘግተሽ መጣሽ?» አላትና እጥበት ክፍል አስገባት። እንዳይከፋት ብዬ፣ ለጊዜው ነው፣ ዓይንሽ ሲድን ይመልሱሻል አልኳት። ሌላ ልጅ ከቀጠሩ አምስት ቀናቸው እንደሆነ የነገረችኝ በዚያን ጊዜ ነው።

ዓይኗ የተነሳው ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀስ እያለ፣ በየቀኑ በጥቂቱ። አንድ ጠዋት ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ አድራ ስትነሳ ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ተከፍተው አየሁ። መድኃኒቱም ገና አልለቀቀም ነበርና ግንባሯ ልሙጥ ነው፤ መስመሮቹ ፈዘው ከሩቅ አይታዩም። ፀሐይ ላይ ቆማ ፀጉሯን ስታበጥር ቁሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ፊት ነበራት። የዋህ፣ ክፍት፣ የአባቷን የመሰለ። ባልነካት ኖሮ ይህ ፊት ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ይህ ፊት ነበር ቁልፍ የሚሰጠው። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እንደዚያ ቀን መርሮኝ አያውቅም።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ቆንጆ ነሽ» አልኩ።

«ለስንት ቀን?» አለችና ማበጠሯን ቀጠለች።

በሰኔ መስመሮቹ ተመለሱ። መጀመሪያ ስትናደድ ብቻ፣ ከዚያ ስትስቅ፣ ከዚያ ዝም ስትልም። ሆቴሉ ሙከራዋን አጽንቶላታል፤ በእጥበት ክፍል። አንሶላ እያሸች እጇ ተላጠ። ደመወዟን እያጠራቀመች መሆኑን አላወቅሁም። ሐምሌ ላይ ስልክ ደወለች።

«ባሕር ዳር ሄጄ ተመለስኩ።»

«ምነው፣ አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። ተወግቼ ነው።»

«የትኛውን?»

«መርጫለሁ።»

«የትኛውን ልጄ? ያንን የሚሞላውን ነው? የዓይኑን?»

«እማየ፣ አንቺ ሁለት ጊዜ መረጥሽ። ይኼ የእኔ ነው፤ አልነግርሽም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፈለግሽውን ተሳዪ። እኔን ግን አታሰግጂኝም።»

ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በጠራ ቁጥር ዓይኗ ነው ብዬ ነው የማነሳው። እሷ ስትደውል የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ «ይታይሻል?» እላታለሁ። «ይታየኛል» ትለኛለች፣ ሰልችቷት። የሚያልፈው ከሆነ ሊያልቅ ምን ቀረው እያልኩ ወር እቆጥራለሁ። የሚሞላው ከሆነ ደግሞ ዓመት ሙሉ መፍራት አለብኝ። የቱን እንደምፈራ አለማወቄን እንደምትቀጣኝበት አውቃለሁ። ይገባኛልም።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ መጣች። ከበር ስትገባ ዝናብ ስለነበር ነጠላዋ ፊቷን ሸፍኖታል። ስትገልጠው አየሁ። መስመሮቹ አሉ፣ ግን ጥልቀታቸው የለም፤ አሸዋ ላይ ተጽፎ ንፋስ የነካው ይመስላሉ። ዓይኖቿ እኩል ናቸው። ጡንቻው ላልቶ ይሁን ከሥር ተሞልቶ ለማወቅ ጠጋ ብዬ ማየት ነበረብኝ፤ ወይም በጣቴ መንካት። ሁለቱንም አልደፈርኩም። ከገበታው ወዲያ ማዶ፣ እጆቼን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩ። ስለ ሆቴሉ አወራችኝ፤ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥታለች፣ ሴት ናት፤ ወደ እንግዳ መቀበያው ትመልሳት ይሆናል ይላሉ። ስታወራ አንዴ ሳቀች። ሳቋ ሳቅ ብቻ ነበር፣ ስድብ አልነበረበትም። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ፊቷን እያየሁ መሆኔን አወቀችና ነጠላዋን መልሳ ግንባሯ ላይ ሳበች።

ወደ ቡሬ ስትመለስ ባጃጅ እስክታገኝ ድረስ ሸኘኋት። ጉንጯን ልስም አንገቴን ሳሰግግ ፊቷን መለስ አድርጋ ትከሻዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋን ሳምኩ።